ባለ ፎቁ መንገድ ይፍረስ ወይስ ይቈይ?

በከተማ መካከል የቆመ አንድ ታላቅ ሥራ ሲያረጅ ምን ይደረግበት? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል። መሐንዲሱ ዓምዱን መርምሮ፥ ብረቱን አይቶ፥ «ይህ ይጠገን፤ ያ ይፍረስ» ብሎ ከጻፈ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገሮች የሆነውን ስንመለከት፥ አንድን ያረጀ መንገድ ማፍረስ ከመሥራት ይልቅ ብዙ ክርክር ሲያስነሣ እናያለን። ሕዝቡ ሲሠራ ያማረረበትን መንገድ፥ ሊፈርስ ነው ሲባል ይሟገትለታል፤ ከፈረሰ በኋላም ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ «ይህን ያህል ዘመን እንዴት ታገሥነው?» ይላል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ዋና ምሳሌ አድርገን የምንወስደው በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የባሕር ዳር ቆሞ የነበረውን፥ ኤምባርካዴሮ ይባል የነበረውን ባለ ሁለት ፎቅ አውራ ጎዳና ነው። ከዚያም የኦክላንድን፥ የሲያትልንና የሴኡልን ነገር በአጭሩ እናወሳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉት፥ ወይም በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የያዙት ወጣቶች ነገ ስለ መንገድ፥ ስለ ገበያና ስለ ሰፈር ውሳኔ የሚሰጡ ስለሆኑ፥ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚልና ስለ ምን እንደሚል ማወቁ ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን።

የባሕሩ ዳር መንገድ

ሳን ፍራንሲስኮ በውቅያኖስና በባሕር ወሽመጥ የተከበበች፥ ኰረብታ የበዛባት ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ከወሽመጡ ማዶ ያለ ሰው ወደ ከተማይቱ የሚገባው በመርከብ ነበር። ስለዚህ በ1898 ትልቅ ሰዓት ያለበት ረጅም ግንብ የቆመበት የመርከብ ጣቢያ በወደቡ ላይ ተሠራ። መርከቡ በገነነበት ዘመን 50,000 የሚያህል ሰው በየቀኑ በዚህ ጣቢያ ይመላለስ ነበር። በ1936 የወሽመጡ ድልድይ፥ በ1937 ደግሞ የጎልደን ጌት ድልድይ በተከፈቱ ጊዜ ግን ሰው መርከቡን እየተወ ወደ መኪናው ዞረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና በአሜሪካ እጅግ በዛ። የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና መሐንዲሶችም ሁለቱን ድልድዮች የሚያገናኝ መንገድ ለመዘርጋት አሰቡ። የባሕሩ ዳር ቦታ ጠባብ ስለ ነበረ መንገዱን በአርማታ ዓምዶች ላይ አቆሙት፤ አንዱን ፎቅ ለሚሄደው፥ ሌላውን ለሚመጣው መኪና መደቡት። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህነት ያለበት ነበር። በ1959 መንገዱ ሲከፈት ግን የከተማው ሰው በፊቱ ቆሞ ያየው አንድ ግራጫ ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ከተማይቱን ከባሕሩ ለያት፤ ሰዓቱ ያለበት ግንብም ከመንገዱ በስተጀርባ ተሸሸገ።

ቁጣው ቶሎ መጣ። የከተማው ምክር ቤት በ1959 በጥር ወር ታቅደው ከነበሩት አሥር አውራ ጎዳናዎች ሰባቱን እንደሚቃወም ወሰነ። በዚህም ምክንያት የባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሁለተኛው ድልድይ ሳይደርስ ብሮድዌይ ከሚባለው ጎዳና ዘንድ ተቆርጦ ቀረ። ይህ ነገር በአሜሪካ ታሪክ ሕዝብ በአውራ ጎዳና ላይ ያስነሣው የመጀመሪያው ታላቅ ተቃውሞ ከሚባሉት አንዱ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ጅምር ሆኖ የቀረው ይህ መንገድ ሥራ አላጣም። በኋለኞቹ ዓመታት በየቀኑ 60,000 የሚያህል መኪና ይመላለስበት ነበር። መውጫው ከቻይናውያን ሰፈር አጠገብ ስለ ነበረ፥ ከሌላ ቀበሌ ዓሣና አትክልት ሊገዛ፥ ወይም ከቤተ ሰቡ ጋር ምሳ ሊበላ የሚመጣ ሰው ከመንገዱ እንደ ወረደ ሱቁ በር ላይ ይደርስ ነበር። እንዲሁ እየሆነ አንድ ትውልድ አለፈ። ሕዝቡ የጠላው መንገድ የብዙ ሰው እንጀራ ሆነ።

ሕዝቡ «ይቈይ» አለ

በ1980ዎቹ ዓመታት የከተማው ሹማምንት መንገዱን አፍርሰው በምትኩ በምድር ላይ የሚሄድ ሰፊ ጎዳና ለመሥራት አሰቡ። የዚያን ጊዜዋ ከንቲባ ዳያን ፋይንስታይንም ይህን ሐሳብ ከደገፉት አንዷ ነበሩ። ነገሩ በ1986 ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ግን ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ «ይቈይ» ብሎ ወሰነ።

ይህ ውሳኔ በሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው የሚያስገርም ነው። በ1959 የተቈጣው ከተማ በ1986 ስለ ምን መንገዱን አቀፈው? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ባሕሩን ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ባሕሩን ለማየት የሚመጣው ሰው ገና አልመጣም፤ በመንገዱ የሚሄደው ሰው ግን በየማለዳው መኪናውን ያስነሣል። ከሚፈርሰው መንገድ የሚጎዳው ሰው ስሙንም ሰዓቱንም ያውቃል፤ የሚጠቀመው ሰው ግን እንደሚጠቀም ገና አላወቀም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ድምፅ ሲቈጠር የዛሬው ኪሳራ ከነገው ትርፍ ይበልጥ ይሰማል።

የምድር መናወጥ

አገራችን «ምከረው፥ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ተረት አላት። በ1989 ጥቅምት 17 ቀን፥ ከቀኑ በ11 ሰዓት ገደማ፥ ሎማ ፕሪዬታ በሚባለው ተራራ አካባቢ የተነሣ የምድር መናወጥ ከተማይቱንና አካባቢዋን አንቀጠቀጠ። ልኩ 6.9 ነበር። መናወጡ የቈየው 15 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን 63 ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቈሰሉ።

ከሞቱት ውስጥ 42ቱ የሞቱት በአንድ ቦታ ነው። ይህም በኦክላንድ ከተማ በ1957 የተከፈተው ሳይፕረስ የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ መንገድ ነበር። የላይኛው ፎቅ በታችኛው ላይ ተደረመሰና በውስጡ የነበሩትን መኪናዎች ጨፈለቀ።

ስለ ምን እንደ ወደቀ መሐንዲሶች የሰጡት ምክንያት ለማንም ሰው የሚገባ ነው። አርማታ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲያወዛውዙት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዓምዱ ውስጥ በቁመት ከሚገባው ብረት በቀር፥ እንደ በርሜል ቀለበት በዙሪያው የሚጠመጠም ብዙ ብረት ያስፈልገዋል፤ ያ ቀለበት አርማታው ቢሰነጠቅም እንኳ እንዳይበተን አቅፎ ይይዘዋል። በ1950ዎቹ የተሠሩት ባለ ፎቅ መንገዶች ይህ ቀለበት አነሰባቸው። ከዚህም በቀር ከወደቀው መንገድ አብዛኛው የቆመው ለስላሳ በሆነ የባሕር ጭቃ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ መሬት ደግሞ መናወጡን ያባብሰዋል።

የሳን ፍራንሲስኮው ኤምባርካዴሮ አልወደቀም። ነገር ግን የተሠራው በዚያው ዘመን፥ በዚያው ዓይነት ጥበብ፥ ከባሕር በተሞላ አፈር ላይ ስለ ነበረና ስለ ተጎዳ፥ ወዲያው ተዘጋ። የድምፅ መስጫ ወረቀት ያላደረገውን አሥራ አምስት ሴኮንድ አደረገው።

በአንድ ድምፅ ብልጫ

አንባቢ «እንግዲህ ክርክሩ በዚሁ አበቃ» ይል ይሆናል። አላበቃም፤ እንዲያውም ባሰበት። ሦስት መንገዶች ቀረቡ፤ ይኸውም ያለውን አጠንክሮ መጠገን፥ ወይም ወደ ምድር ውስጥ ማስገባት፥ ወይም ፈጽሞ አፍርሶ በምድር ላይ ጎዳና መሥራት ነበር። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ሚስተር አርት አግኖስ መንገዱ እንዲፈርስ ቈርጠው ተነሡ። በባሕሩ ዳር የተከፈተው ዕድል በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

በፊታቸው የቆሙት የቻይናውያን ሰፈር ነጋዴዎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ የሩቁ ደንበኛ መምጣቱን ቀንሷል፤ ሱቁም ምግብ ቤቱም ገበያው ቀዝቅዟል። የሰፈሩን ድምፅ አስተባብረው ከተሟገቱት መካከል ሮዝ ፓክ የተባሉ እመቤት ዋናዋ ነበሩ፤ እኒህም ሴት በከተማው ፖለቲካ ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራቸው፥ አንደበተ ብርቱ ሰው ነበሩ። ነጋዴዎቹ ያሉት ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ባሕሩ ውብ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የውበቱን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ብቻ የምንሆነው ስለ ምንድር ነው?

በ1990 ጉዳዩ በከተማው ምክር ቤት ቀርቦ 6 ለ5 በሆነ ድምፅ መንገዱ እንዲፈርስ ተወሰነ። ከ11 አባሎች አንዱ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ዳር ዛሬ ሌላ መልክ በኖረው ነበር። ማፍረሱ በ1991 በየካቲት ወር ተጀመረ። ሚስተር አግኖስ ግን በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ተሸንፈው ከሥልጣናቸው ወረዱ። ለመሸነፋቸው ብዙ ምክንያት ቢኖርም፥ የቻይናውያን ሰፈር ቅሬታ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደ ነበረ በሰፊው ይነገራል።

ማፍረሻው ዶማ በመንገዱ ላይ ካረፈ በኋላ «እኛም ከመጀመሪያው አልወደድነውም ነበር» የሚለው ሰው በዛ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ ነው።

ያ ሁሉ መኪና የት ገባ?

ከማፍረሱ በፊት በሰፊው ይነገር የነበረው ፍርሃት ከተማይቱ በመኪና ትታፈናለች የሚል ነበር። 60,000 መኪና የሚያልፍበት መንገድ ቢጠፋ መኪናው ሁሉ ወደ ጠባቡ ጎዳና ይፈሳል ተብሎ ታሰበ። ይህ ግን እንደ ተፈራው አልሆነም።

ምክንያቱን መመርመር ለወጣት ሹም ይጠቅማል። እኛ መኪናን እንደ ውኃ አድርገን እናስባለን፤ ቦዩ ሲደፈን ውኃው ሌላ መውጫ ፈልጎ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ ሰው አለ፤ ሰው ደግሞ ያስባል። መንገዱ ሲዘጋ አንዱ ከቤቱ ማልዶ ይወጣል፤ ሌላው በሌላ ጎዳና ይዞራል፤ ሦስተኛው ባቡር ይሳፈራል፤ አራተኛው ሁለት ጊዜ ይሄድበት የነበረውን ጉዳይ በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ አምስተኛውም ጭራሹን ሳይሄድ ይቀራል። ከምድር መናወጡ በኋላ የወሽመጡ ድልድይ ራሱ አንድ ወር ያህል ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የባሕሩ ሥር ባቡር ሌሊትና ቀን ሲያመላልስ፥ ተረስተው የነበሩት የመርከብ መስመሮችም እንደገና ተጀመሩ። ከተማው እንዲህ አድርጎ መንገዱን ሳይይዝ መኖርን ለመደ።

ባሕሩ ዳር በዘንባባ የታጠረ ሰፊ ጎዳና ተሠራበት፤ በ2000 የቀድሞ ዓይነት የኤሌክትሪክ ትራም በዚያው እስከ ዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ድረስ ተዘረጋ፤ አሮጌው የመርከብ ጣቢያም ታድሶ በ2003 የገበያ አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ በዚያ የሚንሸራሸር ወጣት በራሱ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ መንገድ እንደ ነበረ ቢነግሩት በፎቶግራፍ ካላሳዩት በቀር አያምንም።

ይህ ሁሉ ግን የነጋዴዎቹን ጥያቄ አልመለሰም። ለቻይናውያን ሰፈር ካሳ ይሆናል ተብሎ የታሰበው የምድር ውስጥ ባቡር ብዙ ዓመት ፈጅቶ ሙሉ አገልግሎት የጀመረው በ2023 በጥር ወር ነው። በሰፈሩ ያለው ጣቢያም በሮዝ ፓክ ስም ተሰይሟል፤ እርሳቸው ግን በ2016 ስለ ሞቱ ባቡሩን አላዩትም። መንገዱን ለማፍረስ ጥቂት ዓመት በቃ፤ ለተጎዳው ሰፈር የታሰበውን ለመፈጸም ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አስፈለገ።

የኦክላንድ ሰፈር ነገር

በወሽመጡ ማዶ በኦክላንድ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ነበረው። የወደቀው የሳይፕረስ መንገድ የተሠራው ጥቁር አሜሪካውያን በሚበዙበት በምዕራብ ኦክላንድ መካከል ነበር። በ1950ዎቹ መንገዱ ሰፈሩን ለሁለት ሲከፍለው የነዋሪው ድምፅ እምብዛም አልተሰማም። ከመናወጡ በኋላ ግን መንገዱ በነበረበት ቦታ እንደገና ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ነዋሪዎቹ «አይሆንም» ብለው ተነሡ። ተከራክረውም ረቱ፤ አዲሱ መንገድ በሰፈሩ ዳር፥ በባቡር ሐዲዱና በወደቡ በኩል ዞሮ በ1997 ተከፈተ። አሮጌው መንገድ ቆሞበት የነበረው ቦታም ዛፍ ተተክሎበት የእግርና የመኪና ጎዳና ሆነ፤ ስሙም በኔልሰን ማንዴላ ስም ተሰየመ።

እንግዲህ በአንዱ የምድር መናወጥ ሁለት ሰፈሮች ሁለት ነገር ጠየቁ። የቻይናውያን ሰፈር «መንገዳችንን አታፍርሱብን» አለ፤ ምዕራብ ኦክላንድ «መንገዱን አትመልሱብን» አለ። ሁለቱም ስለ ኑሮአቸው ተናገሩ። ስለዚህ ባለ ፎቅ መንገድ ሁልጊዜ ክፉ ነው፥ ወይም ሁልጊዜ ደግ ነው ማለት አይቻልም፤ መጠየቅ የሚገባው መንገዱ ማንን ያገለግላል፥ በማንስ ራስ ላይ ይሄዳል የሚለው ነው።

ሲያትልና ሴኡል

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል ከተማም እንዲሁ በባሕር ዳር በ1953 የተከፈተ ባለ ሁለት ፎቅ መንገድ ነበር። በ2001 የካቲት 28 ቀን የደረሰ የምድር መናወጥ መንገዱን አቈሰለው። ከዚያ ወዲያ የተደረገው ክርክር ብዙ ዓመታት ፈጀ። በ2007 ሕዝቡ ሁለት ጥያቄ ቀረበለት፤ በምድር ውስጥ ይሠራ? ወይስ አዲስ ባለ ፎቅ መንገድ ይቁም? ሕዝቡም ለሁለቱም «አልፈልግም» ብሎ መለሰ። በ2009 ሹማምንቱ በጥልቅ ጉድጓድ የሚቈፈር መንገድ እንዲሠራ ተስማሙ፤ በ2011 በተሰጠው ድምፅም አብዛኛው ሕዝብ ይህንን ደገፈ።

የቁፋሮው መሣሪያ አፉ 17 ሜትር ተኩል ስፋት ነበረው፤ ለሲያትል የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ለነበሩት ለቤርታ ናይት ላንድስ መታሰቢያ «ቤርታ» ተብሎ ተሰየመ። በ2013 ቁፋሮውን ጀምሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተበላሸና ሁለት ዓመት ያህል ቆመ፤ ከምድር የወጣው በ2017 ነው። አሮጌው መንገድ በ2019 ጥር 11 ቀን ተዘግቶ አዲሱ እስኪከፈት ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ከተማይቱ ያለ አንዱም ቈየች። በዚህም ጊዜ የተፈራው መታፈን እንደ ተፈራው አልደረሰም።

በሲያትል ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የስንብቱ ነገር ነው። መንገዱ ከመፍረሱ በፊት ለሕዝብ ተከፍቶ እጅግ ብዙ ሰው በእግሩ ሄደበት። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ሰው ጫጫታውንና ጨለማውን ይጠላው ነበር፤ ከላይ የሚነዳው ግን የባሕሩንና የበረዶውን ተራራ መልክ በየቀኑ ያለ ክፍያ ያይበት ነበር። በባሕሩ ፊት ውድ ቤት ለመግዛት ለማይችል ሠራተኛ ያ መንገድ መስኮቱ ነበር። ስለዚህ «ባሕሩን ለሕዝብ እንመልስ» የሚለው ቃል ለዚህ ሰው ሌላ ትርጕም ነበረው፤ እርሱ ባሕሩን የሚያይበት ሊፈርስበት ነውና። የመንገዱ ስብርባሪ ባትሪ ስትሪት የሚባለውን አሮጌ የምድር ውስጥ መንገድ ለመሙላት ዋለ።

በደቡብ ኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል የሆነው ግን በሌላ አኳኋን ነው። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ኮርያ ከደረሱበት ከ1951 ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ድኾች ቾንግየቾን በሚባለው ወንዝ ዳር በጎጆ ሰፍረው ነበር። መንግሥቱ ወንዙን በአርማታ ከደነው፤ ከዚያም በላዩ ላይ ባለ ዓምድ አውራ ጎዳና አቆመበት። ያ ጎዳና የአገሪቱ የዕድገት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2002 ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ሚስተር ሊ ምዩንግ ባክ ግን ያረጀውን ጎዳና አፍርሰው ወንዙን ለመግለጥ ቃል ገቡ። በ2003 ሐምሌ 1 ቀን ማፍረሱ ተጀመረ፤ በ2005 ጥቅምት 1 ቀን ወንዙ ለሕዝብ ተከፈተ። ከንቲባውም በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አንዱ ከንቲባ መንገድ አፍርሶ ወንበሩን ሲያጣ ሌላው ወደ ላይ ወጣ። ይሁን እንጂ በሴኡልም ዋጋ የከፈለ ሰው አለ። ከተማው ከባለ ሱቆቹ ጋር ብዙ ጊዜ ተሰብስቦ ተነጋግሯል፤ በመንገዱ ሥር ዕቃ ዘርግተው ይነግዱ የነበሩት ቸርቻሪዎች ግን ወደ አንድ አሮጌ ስታዲየም ተዛወሩ፤ ስታዲየሙ ራሱ ሲፈርስም እንደገና ተነሡ። ወንዙም ቢሆን በራሱ የሚፈስ አይደለም፤ አብዛኛው ውኃ ከሃን ወንዝ በመሣሪያ እየተሳበ የሚመጣ ነው። ይህን እየጠቀሱ የሚነቅፉ አሉ፤ በበጋ እግራቸውን በውኃው ውስጥ አድርገው የሚያርፉት ግን ከነቃፊዎቹ ይበዛሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ከነዚህ አራት ከተሞች ነገር ጥቂት ቁም ነገር ለይተን ብናወጣ መልካም ይመስለናል።

አንደኛ፥ ሕዝብ አንድ ሰው አይደለም። «ሕዝቡ ተቃወመ» ወይም «ሕዝቡ ደገፈ» ብሎ የሚጽፍ ሹም ሥራውን ገና አልጀመረም። የሚነዳው፥ የሚነግደው፥ ከሥሩ የሚኖረው፥ ግብር የሚከፍለው፥ ባሕሩን ማየት የሚሻው፥ ሁሉም ሕዝብ ነው፤ የሚሉት ግን አንድ አይደለም። ማን ምን እንዳለና ስለ ምን እንዳለ ለይቶ መጻፍ የመጀመሪያው ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፥ የሚቃወም ሰው ሁሉ የዕድገት ጠላት አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴዎች ገበያችን ይጎዳል ሲሉ እውነት ተናግረዋል። ከተማው በጠቅላላ እንደ ተጠቀመም እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስሕተት የሚሆነው በአንደኛው እውነት ሁለተኛውን ለመሸፈን ሲሞከር ነው።

ሦስተኛ፥ ለሚጎዳው ሰው የሚገባው ነገር ከሥራው ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። የማፍረሻው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ ሳለ የካሳው ቀን «ወደ ፊት ይታሰባል» ከተባለ፥ ያ ወደ ፊት የሚባለው ሠላሳ ዓመት ሊሆን እንደሚችል አይተናል። ባለ ሱቅ ሠላሳ ዓመት አይጠብቅም፤ ልጁም እንኳ አይጠብቅም።

አራተኛ፥ የመሐንዲሱ ቃል በጊዜው ይሰማ። ውበትና ገበያ ለክርክር ይመቻሉ፤ የሰው ሕይወት ግን ለክርክር አይቀርብም። ዓምዱ ደካማ መሆኑ ከታወቀ፥ ውሳኔው እስኪገኝ ድረስ መንገዱን ማጠንከር ወይም መዝጋት ያስፈልጋል። በሳይፕረስ የሞቱት 42 ሰዎች በዚያ ምሽት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መንገደኞች ነበሩ፤ ስለ መንገዱ ይፍረስ ወይም ይቈይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

በመጨረሻም ለወጣቶቹ አንባቢዎቻችን የምንለው ይህ ነው። አንድ ሥራ ሲሠራ ለዘላለም የሚሠራ ይመስላል። ኤምባርካዴሮ የቆመው 32 ዓመት ብቻ ነው፤ ያቆሙት መሐንዲሶች ብዙዎቹ በሕይወት ሳሉ ፈረሰ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ፕላን በፊታችሁ ሲዘረጋ እንዴት እንደሚቆም ብቻ አትጠይቁ። ባረጀ ጊዜ እንዴት እንደሚነሣ፥ በዚያን ጊዜ እንጀራው በላዩ የሚሆነው ሰው ማን እንደሆነ፥ እርሱንም ማን እንደሚያነጋግረው ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ፕላኑ ገና ወረቀት ሳለ መጠየቅ ወጪው ቀላል ነው፤ አርማታ ከሆነ በኋላ ግን ዋጋው ይከብዳል።